ከአራት ኪሎ እስከ እንጦጦ፦ ቅዳሜ ጠዋት በእግር እየሄድኩ ፎቶ ሳነሳ የተማርኩት

ያደግኩት ግንፍሌ ድልድይ አካባቢ ነው፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ፎቶ ማንሳት ስጀምር ግን ከሰፈሬ የሚነሳ ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለእኔ ፎቶ ማለት ላሊበላ፣ ሰሜን ተራሮች፣ ባሌ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ብር አጠራቅማለሁ፣ አንዴ እሄዳለሁ፣ አምስት መቶ ፎቶ ይዤ እመለሳለሁ። ቤት ገብቼ አንድ በአንድ ሳየው ሰው ሁሉ ያነሳውን ነው ያነሳሁት። በሁለት ቀን አይቼው የተመለስኩት አገር ምኑን ያሳየኝ?

በ2011 ዓ.ም. ሥራ በዛብኝና የትም መውጣት አልቻልኩም። የራሴ የምለው ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ሆነ። ከአክስቴ ልጅ ጋር ከአራት ኪሎ ተነስተን፣ በስድስት ኪሎ አድርገን፣ ሽሮ ሜዳን አልፈን እንጦጦ ማርያም ድረስ በእግር መውጣት ጀመርን። ሳይቆሙ ከሄዱ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ፎቶ እያነሱ ከሆነ ሦስትም አራትም ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ይህን መንገድ ከመቶ ጊዜ በላይ ሄጄበታለሁ። ፎቶ ማንሳትን የተማርኩት እሱ ላይ ነው። እንደ እኔ መሃል ከተማ እየኖራችሁ፣ ገጠር ለመውጣት ጊዜም ብርም የሚያጥራችሁ ካላችሁ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ገጠሩ ከሽሮ ሜዳ በላይ ይጀምራል። አስፋልቱ ወደ ዳገቱ ሲታጠፍ የመኪናው ጩኸት ከኋላ ይቀራል፣ ባህር ዛፉ ይሸታል፣ አህያ እየነዳ የሚወርድ ሰው ይገጥማችኋል።

መጀመሪያ ስለ ብርሃን ላውራ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያበላሸሁት እሱን ነውና። እንግሊዝኛ መማሪያዎች ላይ የማነበው ምክር ሁሉ ፀሐይ ከወጣች በኋላና ከመጥለቋ በፊት ረጅም ለስላሳ ብርሃን እንዳለ ይነግረኛል። እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፤ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ፀሐይዋ አንዴ ከወጣች ሽቅብ ነው የምትሮጠው። እንደ ወሩ ከ12፡00 ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ 12፡45 ገደማ ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ያ ማር የመሰለ ብርሃን አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው። እኔ ደግሞ ቡና ጠጥቼ፣ ተረጋግቼ በሦስት ሰዓት ነበር ከቤት የምወጣው። እንጦጦ ስደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ይቃረባል፤ ሰዉ ሁሉ ዓይኑ ጉድጓድ፣ አፍንጫው ሥር ጥቁር ጥላ ይሆንብኛል። ካሜራው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሰዓቱ ነው።

አሁን ሰዓት አላይም፣ ጥላዬን አያለሁ። ድሮ አባቶች የጾምን ሰዓት የሚያውቁት ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ ነበር፤ እኔም የተጠጋሁት ወደዚያው ነው። ጥላዬ ከቁመቴ እስከረዘመ ድረስ ሰውም፣ ቤትም፣ ሜዳም አነሳለሁ። ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል ጥላው ከቁመቴ ያጥራል፤ ያኔ ከገላጣው ወጥቼ ዛፍ ሥር እገባለሁ ወይም ቅጠልና ቅርፊት ወደ ማንሳት እዞራለሁ። ሰው ማንሳት ካለብኝ የጥላው ጫፍ ላይ እንዲቆምልኝ እለምናለሁ። ጥላ ውስጥ ሆኖ ፊቱን ወደ ብርሃኑ ሲያዞር ዓይኑ ይበራል፣ ቆዳው መልኩን ያገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን መንገድ ደጋግሜ በመሄዴ ብቻ ያገኘሁት ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ጉዞው ወደ ሰሜን ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ በቀኝ እጃችሁ ትሆናለች። ቁልቁል የሚመጣው ሰው ፊቱ በአንድ ወገን በርቶ በሌላው ጥላ ይሆናል፤ ሽበቱ፣ የጋቢው እጥፋት፣ የእጁ ሥር ሁሉ ጎልቶ ይወጣል። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ ትንሽ ወደ ኋላችሁ ትሸሻለች፣ ሰኔ ላይ ትንሽ ወደ ፊታችሁ ትመጣለች። እናንተም የምትሄዱበትን መንገድ በዚህ ዓይን እዩት፦ ጠዋት ሰዉ ከየት ወደ የት ይሄዳል፣ ፀሐይስ በየት በኩል ታርፍበታለች? ይህን ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ነጠላና ፊት ሌላው ያስቸገረኝ ነገር ነው። ስልክም ሆነ ካሜራ ያየውን ሁሉ አቻችሎ መካከለኛ ማድረግ ይወዳል። ከጀርባ ሰማይ ካለ ፊት ይጠቁራል። ከጀርባ ጥቅጥቅ ያለ ባህር ዛፍ ካለ ደግሞ ጨለማው ስለሚያታልለው ያበራዋል፤ ያኔ ነጠላው ይነድና ጥለቱም ሸማው የተሠራበት ክርም ይጠፋል። ስልክ የምትጠቀሙ ከሆነ ፊቱ ላይ ጣታችሁን ለአፍታ ተጭናችሁ ያዙ፤ ቦታው ይቆለፋል። ከዚያ የብርሃኑን ምልክት የነጠላው ክር እስኪታይ ድረስ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ታች ጎትቱት። ፊቱ ትንሽ ቢጨልም ቤት ገብታችሁ ታወጡታላችሁ። የነደደ ነጭ ግን ምንም ቢያደርጉት አይመለስም። በሁለት ጣት እየለጠጡ ማቅረብም አይጠቅምም፤ አብዛኛው ስልክ ከተወሰነ ርቀት በኋላ ምስሉን ቆርጦ ነው የሚያሰፋው። ሁለት እርምጃ መጠጋት ይሻላል። ሌንሱን ደግሞ ጥረጉት። ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ በላብና በቅባት ይሸፈናል፤ ፎቶው ሁሉ ጉም የለበሰ ይመስላል። ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።

አሁን ወደ ሰው ልግባ።

በመጀመሪያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ካሉት ኩርባዎች አንዱ ላይ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ እናት ቁልቁል አለፉኝ። ሸክማቸው ከእሳቸው ይበልጣል፤ ከኋላ ሲታዩ እግርና ቅጠል ብቻ ናቸው። ብርሃኑ ቅጠሉን አቋርጦ ይመጣ ነበር፣ አላስቻለኝም። ከጀርባቸው ተከትዬ ሦስት አራት ጊዜ አነሳሁ። ድምፁን ሰሙት። ቆሙ፣ ከነሸክማቸው ቀስ ብለው ዞሩ።

«ልጄ፣ ምን ታደርጊበታለሽ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። «ደስ ስላለኝ ነው እማማ» አልኩ፤ አፌ ላይ እያለ አሳፈረኝ።

«ጀርባዬን አነሳሽው። ፊት የለኝም እንዴ?»

ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ያነሳሁትን እያዩ አጠፋሁት። እሳቸው ግን አልሄዱም። ሸክሙን የድንጋይ ካቡ ላይ አሳረፉ፣ ገመዱን ከትከሻቸው አወረዱ፣ የነጠላቸውን ጫፍ አርጥበው ፊታቸውን ጠረጉ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ከዚያ እጃቸውን ግራና ቀኝ አድርገው ልክ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ አሉ። «በይ አሁን አንሺ» አሉኝ። አነሳሁ።

ያኔ በልቤ ያቺ ከጀርባ ያነሳኋት ትሻል ነበር እያልኩ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አላስብም። ቀጥ ብለው የቆሙባትን ፎቶ ሳይ ገመዱ ትከሻቸው ላይ የጣለው ምልክት ይታያል፣ ጎን ላይ ያለው ሸክም ይታያል፣ ፊታቸው ይታያል። ከጀርባ ባነሳሁት ላይ እሳቸው አልነበሩም።

ፎቶዋን ፎቶ ቤት ወስጄ 10 በ15 አሳተምኩ። እሳቸውን ለማግኘት ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ሳገኛቸው ሸክሙን እንደተሸከሙ በአንድ እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት፣ «አርጅቻለሁ» አሉ። ከዚያ በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተቱትና «ከልጄ ጋር ደግሞ ታነሺኛለሽ» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠራሬ ተለወጠ፤ ለእናንተም የምለው ይኸው ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ እንዴት አደሩ፣ ከዚያ ካሜራ። «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት? አሳትሜ አመጣልዎታለሁ» ማለት ይበቃል። እንቢ ካሉ አመስግኖ ማለፍ ነው፣ ሁለተኛ አለመጠየቅ። እሺ ካሉ መጀመሪያ እሳቸው እንደፈለጉት ሆነው ይነሱ፤ ቀጥ ብለው ቢቆሙም፣ ባይስቁም። ያ የእሳቸው ፎቶ ነው። ካነሳችሁ በኋላ ስልኩን አዙራችሁ አሳዩአቸው። ያኔ ይስቃሉ፣ ጎረቤት ይጠራሉ፣ ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ፣ እናንተም የምትፈልጉትን ፎቶ ያኔ ታገኛላችሁ። ቃል ከገባችሁ ደግሞ አሳትማችሁ መልሱ። ሩቅ አገር ሄዶ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ በየሳምንቱ የምትሄዱበት መንገድ ላይ ግን ይቻላል።

ስለ ብር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ለፎቶ ብዬ አልከፍልም፣ በተለይ ለሕፃናት። ትምህርት ቤት ከመሄድ መንገድ ላይ መቆም የሚያዋጣ እንዲመስላቸው አልፈልግም። ሥራ ላይ ያለን ሰው ሩብ ሰዓት ካቆምኩ ግን የጊዜውን እሰጣለሁ፣ ከሚሸጠውም እገዛለሁ። ሕፃን ከሆነ ወላጅ ሳይፈቅድ አላነሳም፤ ብቻውን ካገኘሁትም እተወዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቅዳሴ ላይ እያሉ አላነሳም፤ ከአስቀዳሾች ጋር እቆማለሁ፣ ሲያበቃ ጥበቃውን ወይም አንዱን ካህን አስፈቅጄ አነሳለሁ። እንጦጦ ማርያም ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡባት ናት፤ አጠገቧ ያለው የድሮው ቤተ መንግሥት በኖራ የተለሰነ ወፍራም ግድግዳና የሣር ክዳን አለው። የእኔን ያህል ነጭ ግድግዳ ማንሳት የምትወዱ ከሆነ ጠዋት በጎን በኩል ሂዱ፤ የምርጊቱ እብጠትና ስንጥቅ ሁሉ ይታያል።

ከታች ግን ተጠንቀቁ። ከአራት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ቤተ መንግሥቱ አለ፣ ኤምባሲ አለ፣ የጥበቃ ካምፕ አለ። አንድ ቀን አጥር ላይ የተንጠለጠለ አበባ ሳነሳ ዘብ አስቆመኝ፤ አጥሩ የማን እንደሆነ እንኳ አላስተዋልኩም። ስልኬን ተቀብሎ የጠዋቱን ፎቶ ሁሉ አስጠፋኝ። አልተከራከርኩም፤ መከራከር ለማንም አይጠቅምም። ከዚያ ወዲህ እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ስልኬን ከቦርሳ አላወጣም። ቢያንስ እግሬን አሟሙቃለሁ።

ወደ ላይ ስትወጡ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ሴት ከሆናችሁ በተለይ። ጨለማ ላይ አትነሱ፤ ጅብ ገና ያልገባበት ሰዓት ይኖራል፣ ዝርፊያም አለ። ሰው የሚበዛበትን መንገድ ያዙ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ጥሩ የእግር መንገድ አለ፤ ለጀማሪ እሱን እመክራለሁ። የከተማው መሃል ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ላዩ ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል፤ ስለዚህ ትንፋሽ ያጥራል፣ ይበርዳልም። ትንፋሽ ሲያጥር እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ፎቶው ይደበዝዛል። ከማንሳታችሁ በፊት ቆም በሉ፣ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፣ አየር አውጥታችሁ ያኔ ተጫኑ።

የምወደውን ሥራ ልንገራችሁ። ከዳገቱ አጋማሽ በላይ ከተማው ወለል ብሎ የሚታይበት አንድ ድንጋይ አለ። በ2014 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ ጳጉሜ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እዚያው ድንጋይ ላይ ቆሜ አንድ ፎቶ አነሳሁ። ጳጉሜን ጨምሮ አሥራ ሦስት ፎቶ ሆነ። የመስከረሙ ላይ ዳገቱ አደይ አበባ ለብሷል፣ ከተማው ከዝናብ በኋላ ታጥቦ እስከ የረር ተራራ ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። የኅዳሩ ላይ ስስ ግራጫ ጭጋግ ተጋርዶበታል። የዚያን ወር ደግሞ ለኅዳር 12 ብዬ ተመልሼ ወጣሁ። በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ወዲህ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል። የሩቁ ሁሉ ጠፍቶ ተናድጄ ልመለስ ስል ዞር ብዬ አየሁ፦ ጭሱ ባህር ዛፎቹ መሃል ገብቶ የፀሐይዋን ጨረር ዘንግ ዘንግ አድርጎታል። በሌላ ቀን የማይገኝ ፎቶ አገኘሁ። የጥሩ ላይ ሣሩ ቢጫ ነው። የየካቲቱ ላይ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከሁሉ በላይ ብቅ ብሏል፤ በዚያው ወር ነው የተመረቀው። የሐምሌው ላይ ምንም የለም። ጉም ነው፣ ነጭ፣ ድንጋዩ ብቻ ይታያል። ያቺንም አልጣልኳትም፤ ከአሥራ ሦስቱ የማልጠግባት እሷን ነው።

ይህን ለመሥራት ምንም ብር አያስፈልግም። ከቤታችሁ በረንዳም ይሆናል፣ ከቀበና ድልድይም ይሆናል። ቆማችሁበት የነበረውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ያለፈውን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ከፊታችሁ ካለው ጋር አስተያዩ፣ በአንድ ዓይነት ሌንስ አንሱ።

በክረምት ብዙ ሰው ካሜራውን ያስቀምጣል። እኔ ክረምትን እወዳለሁ። ደመናው ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው እስከ እኩለ ቀን ድረስ ማንሳት ይቻላል፤ የባህር ዛፉ ቅርፊት ሲርስ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ፣ አመድማ መስመር ያወጣል። ቀጋ ሲያብብ አምስት ነጭ ቅጠሏ ላይ የዝናብ ጠብታ ቆሞ ታገኛላችሁ። በጣም ከተጠጋችሁ ስልኩ ማየት ያቅተዋል፣ ይደበዝዛል፤ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላችሁ ሁለት እጥፍ ብቻ አቅርባችሁ አንሱ። ወፍ የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ወፍራም ምንቃር ቁራ ተመልከቱ፤ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም አይገኝም፣ እኛ ግን በየሥጋ ቤቱ ጣራ ላይ ስለምናየው ዞር ብለንም አናየውም። ጥቁር ስለሆነ ሰማይ ላይ አይነሳም፣ ጥላ ብቻ ነው የሚሆነው። አጥር ላይ ሲያርፍና ፀሐይ በጎኑ ስትመታው ጠብቁት።

ስለ ማስቀመጥ አንድ ነገር ልበል፣ አምርሬ ያለቀስኩበት ስለሆነ። ስልኬ ታክሲ ውስጥ ጠፋ፤ የስምንት ወር ፎቶ አብሮት ሄደ። የተረፈኝ ለሰው በቴሌግራም የላኩት ብቻ ነበር፣ እሱም ተጨምቆ ስለሚሄድ ለማሳተም ስሞክር ፊቱ ሁሉ ተሸራረፈ። አሁን በየቅዳሜው ማታ ራት ሳልበላ የዕለቱን ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ፤ ጥሩ ጥሩዎቹን ደግሞ በቴሌግራም ለራሴ እልካለሁ፣ ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል። እንደ ፋይል ሲላክ አይጨመቅም። ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ይህ ብቻውን ይበቃል።

ያቺ የመጀመሪያዋ ፎቶ ከጠፉት ውስጥ ነበረች። ያለችው የታተመችው አንዷ ብቻ ናት፣ እሷም እሳቸው ጋ ነች። እማማ አሁን እንጨት አይሸከሙም፤ ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሎና ሻይ ይሸጣሉ። ሄጄ ፎቶዋን እንዲያውሱኝና ከእሷ ላይ መልሼ እንዳነሳ ለመንኳቸው። ከሻይ ቤታቸው ቆርቆሮ ላይ፣ በፕላስቲክ ተሸፍና ከተሰቀለችበት አወረዱልኝ። አጠገቧ ከልጃቸው ጋር ያነሳኋቸው አለች፤ ልጅቷ ዩኒፎርም ለብሳለች፣ እናትየው ያኔም ቀጥ ብለው ነው የቆሙት።

ሻይ የሚጠጣው ሰው እያየ «እኔንስ?» ይለኛል። የሚነሳውን ሰው ስምና የሚገኝበትን ቦታ ደብተር ላይ መጻፍ ጀምሬያለሁ። አሁን ሳላደርስ የቀረሁት አሥራ አንድ ፎቶ አለ፤ ከገና በፊት ሁሉንም አሳትሜ መጨረስ አለብኝ፣ ሁለቱ ለበዓሉ አገር ቤት እሄዳለሁ ብለውኛል።